የጊንጡ ጾም

ልጄ ጊንጧን ያኖረችበት የፕላስቲክ ሣጥን ጥግ ላይ ውሃ ረጨት ባደረገች ቁጥር፣ ከእርጥቡ አሸዋ የሚነሳው ሽታ ከአቡ ዳቢው አፓርታማችን አንስቶ አል ዓይን ይወስደኛል። የሷ ጊንጥ ከክፍል ጓደኛዋ የተሰጣት ነው፤ የሚበላው ፌንጣ እንኳን በዲሊቨሪ ነው የሚመጣለት። የኔው የልጅነቴ ጊንጥ ግን እንዲህ ተቀማጥሎ አላደገም።

አባቴ አል ዓይን ኦአሲስ በሚባለው የተምር እርሻ ውስጥ ዛፎቹን የሚያጠጣ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ከደረቀ የተምር ቅርንጫፍ ሥር ያገኛትን እናት ጊንጥ፣ ነጫጭ ልጆቿን በጀርባዋ እንዳዘለች በጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ሊያሳየኝ ብቻ ነበር፤ በነጋታው ሊመልሳት። እኔ ግን ልጅ የሚያዝል ጊንጥ አይቼ እንዴት ልልቀቃት? መጀመሪያ «ልጆቿ ከጀርባዋ እስኪወርዱ» ብዬ ለመንኩት፤ ሲወርዱ ደግሞ «አንዱን ብቻ» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እናትየው ከቀሩት ልጆቿ ጋር ወደ ተምሩ ሥር ተመለሰች፣ አንዱ ባዶ የሐላዋ ጣፋጭ ዕቃ ውስጥ ከኔ ጋር ቀረ። በእናቱ ጀርባ ላይ ሳለ ስለነበረው ንጣት ፈንዲሻ አልኩት።

እናቴ ወሎ ተወልዳ ያደገች፣ ቀን ማዳም ቤት ስትሠራ የምትውል ሴት ነበረች። ስለ ጊንጥ ያላት አቋም ግልጽ ነበር። «ጊንጥ መግደል ይፈቀዳል» አለችኝ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፤ «ዘግቶ ማስራብ ግን ሐራም ነው። ወይ አብይው፣ ወይ ለኔ ተይው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ በውሃው ቦይ ዳር ፌንጣ ማሳደድ ሆነ። ያውም ትንንሹን እየመረጥኩ ነው፤ ፌንጣው ከፍ ካለ ፈንዲሻ ጊንጥ መሆኑን ረስቶ ይሸሻል። ቀን ቢሰጡት ደግሞ ዞር ብሎም አያይም፣ ከድንጋዩ ሥር የሚወጣው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ረመዳን ሲገባ ይሄ ጠባዩ የእናቴን ልብ አራራው። «ካንቺ ይሻላል፣ አንቺ እኮ ግማሽ ቀን ነው የምትጾሚው» እያለች ታሾፍብኝ ጀመር። የመግሪብ አዛን ብሎ በተምር እንዳፈጠርን እኔ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በአንድ እጇ የምትገድልበትን ጫማ፣ በሌላው የምታበላውን ፌንጣ ይዛ ትጠብቃለች።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ፈንዲሻ መብላት አቆመ። ፌንጣ ጀርባው ላይ ቢወጣበትም አይነቃነቅም። የእናቴ ፊት ጠቆረ። «ወላሂ፣ ቤቴ ውስጥ ተርቦ አይሞትም። እስከ ዒድ ካልበላ አባትሽ ወስዶ ይልቀቀው፣ ኸላስ።» እኔም እልህ ያዘኝ። የጎረቤት ልጆች የዒድ ቀሚሳቸውን ሲለኩ እኔ ቦይ ለቦይ ስንከራተት ዋልኩ፤ ከትንሹ ፌንጣ ያነሰ ፈለግኩ፣ ምስጥ ቆፈርኩ፣ የድንጋዩን ሥር አረጠብኩ። ማታ ያልበላውን አወጣለሁ፣ በማግስቱ ሌላ ይዤ እመጣለሁ። አባቴ እንኳን «ተይው በቃ» ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

የዒድ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፌንጣዬን ይዤ ስገባ እናቴ ዕቃው አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጫማዋ ወዲያ ተጥሏል። «ሞተ» አለችኝ። «አስርበን ገደልነው።» እውነትም ፈንዲሻ አሸዋው ላይ ደርቆ ተዘርግቷል። እኔ ግን ሳላረጋግጥ አላምንም ብዬ ጎንበስ አልኩ። አሸዋው ላይ የነበረው ባዶ ቆዳ ነበር፤ ከጎኑ፣ ከድንጋዩ ጥላ ሥር፣ እንደ መጀመሪያው ነጭ የሆነ፣ ከቀድሞው ከፍ ያለ ጊንጥ እግሮቹን ቀስ እያደረገ ያንቀሳቅሳል። እናቴ ፍርሃቷን ረስታ አፍንጫዋ ዕቃው ውስጥ እስኪገባ አጎነበሰች።

«ለካ ለዒድ ልብስ እየቀየረ ነው» አለችና እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሳቀች። አዲሱ ቆዳው ከጠነከረ በኋላ የመጀመሪያውን ፌንጣ ይዛለት የመጣችው እሷ ራሷ ናት።

ፈንዲሻ ሲያድግ አብረን ወስደን ተምሩ ሥር ለቀቅነው። የኖርንባት ክፍል ፈርሳ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። አባቴ አገር ቤት ገብቷል፤ እናቴ እዚያው አል ዓይን አፈር ውስጥ አረፈች።

ሰሞኑን የልጄ ጊንጥ መብላት አቁሟል። «ማሚ፣ አይ ቲንክ ሊሞት ነው፤ ለጓደኛዬ ልመልስላት» አለችኝ።

«አይመለስም» አልኳት። «እንጠብቀዋለን።»

ዛሬ መግሪብ ላይ ክዳኑን እሷ ከፈተች። እኔ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩና በአንድ እጄ እሱን፣ በሌላው ፌንጣውን ያዝኩ። ልጄ አይታኝ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን እናቴ በጣም ናፈቀችኝ።