ሚስ ኦዲል የሸፈነችው ፊት

ሚስ ኦዲል ሰው የምታየው እንደ ኬላ ፈታሽ ነው። ቡናህን ይዘህ በሰላም በተቀመጥክበት ዓይኗን ግንባርህ ላይ ትሰካና ቀስ እያለች ወደ አፍንጫህ፣ ከዚያም ወደ አገጭህ ትወርዳለች፤ ኮንትሮባንድ ሳይኖርህ ያልብሃል። በእኛ የኒው ኦርሊየንስ ሰፈር ከእሷ ፍተሻ ያመለጠ ፊት የለም። የአልሲድ ካፌ በቀቀን እንኳ ሁለት ጊዜ ተሥሏል፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን ተኳርፈዋል።

«እያንዳንዱ ፊት ውስጥ አንድ ቆንጆ ነገር ተደብቋል» ትላለች። «ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም። እሱን ካገኘሁ የቀረው ተከትሎት ይመጣል።»

በወጣትነቷ ለካርኒቫል በዓል ሰልፍ የሚወጡ ጋሪዎች በሚሠሩበት መጋዘን ውስጥ በወረቀትና በሙጫ የተሠሩ ግዙፍ ራሶችን ቀለም ትቀባ ነበር። አንዱ ራስ ቤት ያክላል፤ አፍንጫው ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጦ ምሳ ይበላል። ሁሉም ይስቃሉ። የሚስቅ ጥርስ ስትቀባ ኖራ አንድ ቀን ብሩሿን ጣለችና «ሳቁን የሚደብቅ ሰው አምጡልኝ!» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በአደባባዩ የብረት አጥር ላይ ሥራዎቿን ሰቅላ የመንገደኛ ፊት ትሥላለች። መንገደኛ ደግሞ ጥድፊያ ነው፤ አገጬን ቀንሺልኝ፣ ፀጉሬን ጨምሪልኝ ብሎ እብስ ይላል። አንድን ፊት እስክትጠግብ አይታ አታውቅም።

ዘንድሮ ዕድሉን አገኘች፤ መዘዙም አብሮ መጣ።

«የርግብ ክበብ» የሚባለው የሰፈራችን ማኅበር በየዓመቱ የካርኒቫል ንጉሥ ይመርጣል። ማን እንደሆነ እስከ በዓሉ ማክሰኞ ድረስ ማንም አያውቅም፤ ሚስቱም ጭምር። ማክሰኞ ጠዋት ሥዕሉ ይገለጥና ክበቡ ግድግዳ ላይ ለዘለዓለም ይሰቀላል። ወሬው ቀድሞ ካመለጠ ግን ዘውዱ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ሥዕሉም ነጭ ቀለም ይለቀለቅበታል። ግድግዳው ላይ እስከ ዛሬ አንድ ነጭ ሸራ አለ፤ የዚያ ዓመቱ ንጉሥ ለፀጉር አስተካካዩ ተንፍሶ ነው። የዘንድሮውን ንጉሥ እንድትሥል የተመረጠችው ሚስ ኦዲል ነበረች።

ይኼ በተሰማ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ መርማሪ ሆነ። ጢሙን የተላጨ ተጠረጠረ፤ ያሳደገም ተጠረጠረ። ቀና ብሎ የሄደ «ዘውድ እየተለማመደ ነው»፣ አጎንብሶ የሄደ «ሊያሳስተን ነው» ተባለ። አልሲድማ ቦምቦሊኖው ላይ የስኳር ዱቄት እየነሰነሰ፣ የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ይሸት እንደሆን ብሎ የደንበኛውን እጅጌ ያሸታል።

«ሚስ ኦዲል፣ ስሙን አልጠየቅሁም። ራሰ በራ ነው አይደለም? እሱን ብቻ ይበሉኝ።»

«ዘውድ ስላደረገ አልታየኝም።»

«እርስዎ ሰውየውን ሳያዩ ነው የሚሥሉት?»

«አንተስ ዱቄቱን ሳታይ አይደል አፍንጫዬ ላይ የምትነሰንሰው?»

ንጉሡ ጥሩንባ ጠጋኙ ኡርሲን ነበር። ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ወደ ሥዕል ክፍሏ ሹልክ ይልና ወንበሩ ላይ ይገተራል። ካባው አማረ፣ ዘውዱ አማረ፣ መዶሻ የለመደው እጁ አማረ። ፊቱ ግን የፓስፖርት ፎቶ ሆነ።

«ትተነፍሳለህ?» አለችው።

«ንጉሥ እንዲህ ነው የሚቀመጠው።»

«የሞተው ነዋ!»

በቢላ እየፋቀች እንደገና ትጀምራለች። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ሥራ አንገት ድረስ አልቆ ራስ አጣ።

የኡርሲን ሚስት ክሎቲልድ በበኩሏ ቤቷ ተቀምጣ ሌላ ነገር እየደመረች ነበር። ዘመኑን ሁሉ ናስ ናስ የሚሸት ባል አኳራጅ መሽተት ጀምሯል። የሰኞውን ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ሳይጨርስ ይነሳል። ከሁሉ የከፋው፣ ቅንድቡን ያበጥራል።

«የት ነበርክ?»

«ጥሩንባ ስጠግን።»

«ጥሩንባዋ ስሟ ማነው?»

አንድ ቀን ከሰዓት ተከተለችው። የሥዕል ክፍሉን በር በርግዳ ስትገባ ኡርሲን መጋረጃው ኋላ ተወርውሯል፤ ሚስ ኦዲልም ሸራው ላይ ጨርቅ ጥላለች።

«ባሌን አውጪ!»

«ባል አልሥልም፤ ፊት ነው የምሥለው።»

«ጨርቁን ግለጪዋ!»

ያ ጨርቅ ቢገለጥ ሚስ ኦዲል ለግድግዳው የምታበረክተው ሁለተኛውን ነጭ ሸራ ነው። ከሰል አነሳችና ወንበሩን አሳየቻት። «ተቀመጪ። እየሣልኩ ካልሆነ አልሰማም። የሆድሽን ንገሪኝ።»

ክሎቲልድ ለመጋረጃው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና ለቀቀችው። «የወሰደችው ሴት ታስብበት! ሲዋሽ ያንጎራጉራል። ግራ እግሩ ከብርድ ልብስ ካልወጣ እንቅልፍ አይወስደውም። ሲያንኮራፋ የጎረቤት ውሻ መልስ ይሰጠዋል። ይኼን ሁሉ እኔ ነኝ የለመድኩት! ለማንም አልሰጥም!»

መጋረጃው በስሱ ተከፈተና አንድ ፊት ብቅ አለ። አንዱ ቅንድብ ተሰቅሏል፤ አፉ ሳቁን ለማፈን ይታገላል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሚስቱ እንደምትቀናበት የሰማ የሌባ ፊት ነበር። የሚስ ኦዲል ከሰል ወረቀቱ ላይ ጋለበ።

«ከኋላዬ ምን ታያለሽ?» አለች ክሎቲልድ።

«ብርሃን።»

«የሣልሽውን አሳዪኝ።»

«ተበላሸ» አለችና ወረቀቱን ጠቅልላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ወሸቀችው።

ክሎቲልድ ክፍሉን ከላይ እስከ ታች ገረመመችና ወጣች። ካፌው በር ላይ አልሲድ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ተቀበላት። «ምን አየሽ? አኳራጅ ሸተተሽ?»

«እጅህን ታጠብ» ብላው አለፈች።

ማክሰኞ ጠዋት ሥዕሉ ተገለጠ። ሰፈርተኛው ሁሉ «እኔ እኮ ብያለሁ!» አለ፤ አንድም ሰው አላለም ነበር። ንጉሡ በጎን እያየ ሳቁን እንዳፈነ ዘውዱ ተጣሞ ተቀምጧል፤ እንደዚያ ያማረ ኡርሲን ሰፈራችን አይቶ አያውቅም። ክሎቲልድ ከሥዕሉ በስተግራ ቆመች፣ በስተቀኝ ቆመች፣ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ለካች።

ሚስ ኦዲል ተጠጋቻት። «አንቺን ነው የሚያየው። ያን ቀን መጋረጃው ኋላ ነበር።»

«አውቃለሁ። ልቀመጥ ስል ጫማው በመጋረጃው ሥር፣ የተሣለው ዘውድ ጫፍም በጨርቁ ጎን ይታይ ነበር። ያን ሁሉ የተናገርኩት ለማን መሰለሽ?»

ሚስ ኦዲል ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ታዲያ ለአልሲድ አንድ ቃል ሳትነግሪ...»

«ልፋትሽ ነጭ ይቀባበት?» አለች ክሎቲልድ። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ ዓይኗን አጠበበች። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቅንድቡን እንዲያበጥር ያስተማርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ኧረ ሲመጣም አበጥሮ ነው።»

ሁለቱም ዞረው ኡርሲንን አዩት። ዘውድ እንደጫነ የፓስፖርት ፎቶ ሆኖ ተገትሯል፤ በቀስታ ያንጎራጉራል።