የማያመው ክርኔ

ዛሬ ፒያሳ ክሊኒክ ውስጥ ወጣቱ ሐኪም ግራ ክርኔን ሲያጥፈው ቋ! አለ። እሱ ደነገጠ።

«ያምዎታል እናቴ?»

«አያመኝም» አልኩና አፈርኩ።

በደርግ ጊዜ ልጃገረድ ሳለሁ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሳ መፈክር ሲያሰማ የእኔ ክንድ አልዘረጋ አለ። (ያልነቃ፣ ያልተደራጀ ክርን!)

ሊቀመንበሩ «ያምሻል?» አለኝ።

«አያመኝም።»

«እንግዲያው አድኃሪ ነሽ! ነይ ውጪ!»

ሕዝብ ፊት አቁሞ «አንሺ! አንሺ!» እያለ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ክርኔን ለሰው አሳይቼ አላውቅም።

«በሽታው አለማመሙ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ነርቩ ስለታመመ መገጣጠሚያው ሲጎዳ አይሰማዎትም።»

ለካ እውነቴን ነበር። ያም ሆኖ ስወጣ ነጠላዬን ክርኔ ላይ መለስኩ።

እናንተስ፣ ሕመማችሁ እንደ ጥፋት ተቆጥሮባችሁ የደበቃችሁበት ጊዜ አለ?