ጥሩሸዋና የአልጣሽ አራስ ቤት

ጥሩሸዋ ዱሮም ሰው ትንቃለች። በሰባ አራት ዓ.ም. የገበሬ ማኅበሩ ራቤል ከተማ ልኮ በጤና ወኪልነት ካሠለጠናት ወዲህ ግን ጭራሽ ንቀቷ የምስክር ወረቀት አገኘ።

በዚያ ክረምት መንደሩ ውስጥ ትክትክ ገባ። ኮከቤ የሚሏቸው ባልቴት የወለደች አህያ ነበረቻቸውና እናቶች የታመመውንም ደህናውንም ልጅ እየጎተቱ ደጃቸው ላይ ኮለኮሉት። የአህያ ወተት የትክትክ መድኃኒት ነው ተብሏላ! ሁሉም በአንዲት ጣሳ፣ እየሳለ፣ እየተቀባበለ።

«ድንቄም መድኃኒት!» አለች ጥሩሸዋ መሀላቸው ቆማ። «ትክትክ በትንፋሽ ነው የሚሄደው። አንዱ ሲስል ፍንጣቂው ሌላውን ያገኘዋል። እናንተ ደግሞ አፍ ለአፍ ታገናኙታላችሁ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«አንቺው ታውቂያለሽ፣ እቴ» አሉ ኮከቤ፣ ጣሳውን ለሚቀጥለው እያቀበሉ።

ጥሩሸዋን ያስጨነቃት የጎረቤቷ የአልጣሽ አራስ ልጅ ነበረች። በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና እናቷ የምትሆነው ጥሩሸዋ ናት። እንዲህ ያለችውን ጨቅላ ትክትክ ካገኛት ትንፋሿን ይቆርጣታል። ስለዚህ አራስ ቤቱን ዘጋች። አክስት ነኝ፣ አማች ነኝ ያለውን ሁሉ መለሰች። ኮከቤን እንኳ ገንፎ ይዘው ቢመጡ፣ «ይሂዱ፣ አህያዎን ይለቡ!» ብላ ከደጅ አባረረቻቸው። የምትገባው እሷ ብቻ ናት፤ ጠዋት ማታ ሕፃኗን ታጥባለች፣ ታቅፋለች፣ ጉንጯን ትስማለች። እሷን ራሷን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዝ ለቀቅ የሚያደርጋት ሳልስ? ኤዲያ! የጊሼ ደጋ ብርድ ነዋ፤ ትክትክ የልጅ በሽታ አይደል!

በስልሳኛው ቀን ሕፃኗን ሳል ጀመራት። እየተከታተለ ያንፈቀፍቃትና አየር ስታጣ ፊቷ ይጠቁራል። ጥሩሸዋ ልጅቷን አቅፋ፣ አልጣሽን አስከትላ ራቤል ክሊኒክ ደረሰች።

«ለመሆኑ ቤቱ ማን ይገባ ነበር?» አለ ጤና ረዳቱ መድኃኒቱን እየቀዳ።

«ማንም! ከእኔ በቀር ዝንብ አላስገባሁም» አለች ደረቷን ነፍታ። ወዲያው ሳል አጣደፋት፤ እንባዋ እስኪወርድ አጎንብሳ ሳለች።

ጤና ረዳቱ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እርስዎን ከያዘዎት ስንት ጊዜ ሆነ? ትልቅ ሰው ላይ ቀለል ይላል እንጂ ትክትክ ያው ትክትክ ነው።»

ያቺ ምላሰኛ የምትሰድበው ሰው አጣች። አልጣሽ ልጇን ከጥሩሸዋ እቅፍ ወሰደች።

እግዜር ይመስገን ልጅቷ ተረፈች። በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ያቀፏት ኮከቤ ነበሩ። ጥሩሸዋ ከቅጥሩ ውጭ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስላለች።