እንዲቀደድ የተሰፋ እጅጌ

ቤት ውስጥ ቡትቶ ይሏታል። ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ ከአክስቷ የስፌት መኪና ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ስላደገች ነው። ስሙም ልማዱም አልለቀቃትም። አርባን ካለፈች በኋላም ቀን ከአክስቷ ጋር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ስራ ሲቀዘቅዝ ከቅሪቱ የማንንም የማይመስል ልብስ ታወጣለች። ለባሽ አልተገኘም እንጂ።

ቲያትር ቤቱ የመድረክ ልብስ ሰፊ እንደሚፈልግ ሰማችና ሄደች። አዘጋጁ አንድ ቀሚስ አዘዛት።

"ቲያትሩ ላይ ወንድምየው እህቱን ሲጎትታት እጅጌው ተገንጥሎ እጁ ላይ ይቅር። በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ ይሰፋ። ይሄን ከቻልሽ ስራው ያንቺ ነው።"

በልምምዱ ላይ ተዋናዩ ጎተተ። እጅጌው ንቅንቅ አላለም፤ ተዋናይቷ ግን ተጎትታ ወንበሮቹ ላይ ተከመረች።

"የሚቀደድ አልኩሽ እንጂ መኪና የሚጎትት ገመድ መች አልኩሽ?" አለ አዘጋጁ። "ቲያትሩ ነገ ማታ ይከፈታል። ካልሆነልሽ ሌላ ሰፊ እጠራለሁ።"

ስፌቱን አላላችው። ተዋናይቷ ገና ክንዷን ስታነሳ ተተረተረ።

አክስቷ ዘንድ ገባች። "እትዬ፣ እንዲለቅ ተደርጎ የሚሰፋው እንዴት ነው?"

"እኔ ጨርቁ አልቆ ስፌቴ የሚቀር ሴት ነኝ!" አሉ አክስቷ። "እንዳይለቅብሽ ስቆነጥጥሽ ኖሬ፣ በስተርጅና ማላላት ላስተምርሽ? ሂጂ ወዲያ!"

ጥርሷን ነክሳ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ቁርጥራጭ በምታጭቅበት የስኳር ጆንያ ላይ አረፈ። ጆንያ በሰንሰለት ስፌት ነው የሚዘጋው። ኩንታል ይሸከማል፤ የክሩን ጫፍ አግኝቶ ለሳበው ግን ትርትር ብሎ ይከፈታል።

ኪሮሿን አነሳችና እጅጌውን እንደ ጆንያ ሰፋችው። የክሩን ጫፍ ትንሽ ቀለበት ላይ ቋጥራ ትከሻው ላይ ካለው ሽንሽን ሥር ደበቀችው።

"ጉልበትህን አልፈልግም" አለችው ተዋናዩን። "አንድ ጣትህን ብቻ።"

በመክፈቻው ምሽት እጅጌው ተገነጠለ። አዳራሹ በአንድ አፍ "ውይ!" አለ። ከፊት የተቀመጡት አክስቷ "አዋረደችኝ!" ብለው ተነስተው መርፌ ፍለጋ ቦርሳቸውን ሲበረብሩ፣ አጠገባቸው ያለው ሰውዬ በግድ አስቀመጣቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ አዘጋጁ እጅጌውን መለሰላት። "የሚቀጥለው ቲያትር ልብሶች ያንቺ ናቸው። ንድፋቸውንም ራስሽ አውጪ።"

"እሺ" አለች። ቀና አላለችም፤ ለነገው መስፋት ጀምራለች።

አክስቷ ገቡ። የሰንሰለት ስፌቱን ቆመው አዩ። መነጽራቸውን አደረጉና ወንበር ሳቡ።

"ስሚ ቡትቶ" አሉ፣ "የክሩን ጫፍ የት ነበር የደበቅሽው?"