ለጋሼ ያነበብኩት ቁጥር

የምሠራው ሳን ሆሴ ነው፤ ከሆኪ አዳራሹ ማዶ ያለው ፓርኪንግ ውስጥ። የምኖረው ደግሞ ኦክላንድ። ባቡሩ ፍሪሞንት ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ አውቶብስ ነው። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ አላሜዳ ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ከቤት በወጣች በሩብ ሰዓት ሥራዋ ላይ ነች። "አንቺ እኮ ዕድሜሽን መንገድ ላይ ጨረስሽው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ መቀመጥ የምችለው የሚሄድ ነገር ላይ ብቻ ነው። እዚያ ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። ጋዜጣ ስል የስፖርቱን ገጽ ነው፤ ከስፖርቱም የሆኪውን፣ ከሆኪውም ከታች ጉንዳን በሚያህል ፊደል የሚታተመውን ዝርዝር፦ ማን ጎል አገባ፣ ማን ለጎል አቀበለ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ዝርዝር ስላደረግሁት ነገር ነው። ጥሩ ነገር አይደለም።

ፓርኪንጉ ውስጥ የምንሠራው አብዛኞቻችን ሐበሾች ነን። መጀመሪያ ላይ ሆኪ ለእኛ ጨዋታ ሳይሆን የመኪና ሰልፍ ነበር። ጨዋታ ያለ ቀን ሰዉ ማልያውን ለብሶ ይመጣል፣ ሲያሸንፍ ጥሩንባ እየነፋ ይወጣል፣ ሲሸነፍ ትኬቱን ሳያየን ይወረውርልናል። ምሥጢሩን የፈታልን ጋሼ ናቸው። ከሁላችን ትልቅ እሳቸው ናቸው፤ አገር ቤት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ልጃቸው ወደዚህ አስመጣቻቸው። የጠዋቱ ሺፍት የእሳቸው ነው፣ የከሰዓቱ የእኔ። አንድ ደንበኛ የራሱን መግቢያ ሰጣቸውና ገብተው አዩ። በማግሥቱ እየሳቁ መጡ።

"አልገባችሁም እንጂ ይሄማ ገና ነው!" አሉን። "ዱላው ገና፣ ሩጫው ገና፣ ጠቡ ገና። በረዶ ላይ ወጥተው ከጫማቸው ሥር ቢላ አሰሩ እንጂ ሌላ ምን ጨመሩ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኬት የምንቀበልባት ቡዝ ውስጥ ሬዲዮ ተከፈተ።

ውድድሩን ያመጣው ግን ተማሪው ነው። ቅዳሜና እሁድ አብሮን የሚሠራ፣ ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ነው፤ ከክላስ ጓደኞቹ አይቶ ለእኛ አስተማረን። ሱፐርቫይዘራችንና አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬም ገቡበትና ስድስት ሆንን። እያንዳንዳችን ኦክቶበር ላይ ከእውነተኞቹ ቡድኖች ተጫዋቾች እየመረጥን የራሳችንን ቡድን በወረቀት እንሠራለን። የመረጥነው ሰው በእውነት ሜዳ ላይ ጎል ሲያገባ ለእኛ ሁለት ነጥብ፣ ሲያቀብል፣ አሲስት የሚሉት ነው፣ አንድ። ኤፕሪል ላይ ሲያልቅ ሦስት ተጫዋች ለሚቀጥለው ዓመት እናስቀራለን፣ የቀሩት ሁላችንም እንደገና ወደምንመርጥበት ሜዳ ይመለሳሉ። አንደኛ የወጣ አራት ያስቀራል። መጨረሻ የወጣ ደግሞ ኦክቶበር ላይ መጀመሪያ ይመርጣል።

የፈረንጆቹን ስም መጥራት ስላቃተን ቅጽል አወጣንላቸው። ጥርሰ ወላቃው፣ ቀውላላው፣ አኩራፊው። የእኔ ልጅ "ጨቅላው" ይባላል፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው የቼክ ልጅ። ስመርጠው ሁሉም ሳቁብኝ። በሁለተኛው ዓመት ያ ልጅ እሳት ሆነ።

ደብተሩን የሚይዙት ጋሼ ነበሩ። ሌላ ማን ይይዘዋል? በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመሩ በማስመሪያ ተሰምሮ፣ የእጅ ጽሑፋቸው የታተመ ይመስላል። ሰው "ጋሼ፣ ስንተኛ ነኝ?" ሲላቸው ወዲያው አይመልሱም፤ ደብተሩን ከቦርሳ አውጥተው፣ ገልጠው፣ በጣታቸው ወርደው ነው የሚመልሱት። መልሱን በቃላቸው እንደሚያውቁት እኔ አውቃለሁ።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። አንድ ቀን ሺፍት ስንቀያየር "አንቺ ልጅ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ ይህችን አንብቢልኝ" አሉኝ። በማግሥቱም ረሱ። በሦስተኛው ቀን መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ እያለ ጋዜጣውን አቀበሉኝ። የዓይን ሞራ ነበር። ትልቁን ፊደል ያያሉ፣ ትኬት ያያሉ፣ ያን የጉንዳን ፊደል ግን አያዩም።

"ለልጆቹ እንዳትነግሪ" አሉኝ። "ደብተሩን ይወስዱብኛል።"

አልነገርኩም። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ሌሎቹ ጋሼ ራሳቸው ከጋዜጣ የሚገለብጡ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ማትሪክ አንድ ነጥብ ስምንት ነው ያመጣሁት። ተማሪው አራት ነጥብ። አንድ ቀን ሞኝ ሆኜ ነገርኩትና ከዚያ ወዲያ ስሜን ትቶ በእሱ ይጠራኝ ጀመር። "አንድ ነጥብ ስምንት፣ ጨቅላሽ ትናንት ምነው ተኛ?" "አንድ ነጥብ ስምንት፣ ትሬድ እናድርግ፣ ተጫዋች እንለዋወጥ፣ ይሄ ጨዋታ ሂሳብ አለበት ይከብድሻል።" ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም እመልስለታለሁ፣ ምላሴ አጭር አይደለም። ቤት ስገባ ግን አይለቀኝም ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ከሰው በልጬ የተገኘሁት በዚያ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ዲቪ ዕጣ ነው፤ ጨቅላውን ግን በራሴ ዓይን ነው ያየሁት።

የመጀመሪያዋ ስህተት እውነተኛ ስህተት ነበረች። መስመር ዘለልኩና የጎረቤቱን አሲስት ለጨቅላው አነበብኩለት። ማታ አውቶብስ ላይ ጋዜጣውን ስደግመው አየሁት። "ነገ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ነገ መጣ፤ ጋሼ ደብተሩን ገልጠው "ተማሪውን በአንድ ነጥብ በልጠሽዋል፣ ጎበዝ!" አሉኝ። አልነገርኳቸውም።

ሁለተኛዋ ስህተት አልነበረችም።

ሦስተኛዋ ላይ ደግሞ ብልጥ ሆንኩ። ሁልጊዜ ለእኔ ብቻ ከሆነ ይታወቃል። ስለዚህ በተንኩት። ለጓደኛዬ ተጫዋቿ ያላቀበለውን አሲስት ሰጠኋት፤ እሷ ጸሎቷ ተሰማ ብላ ደስ አላት። ከአንዱ ቀነስኩ፣ ለሌላው ጨመርኩ። ከጋሼ ራሳቸው ቡድን ሁለት ጊዜ ጎል ወሰድኩ። አስቡት፤ የሚጽፉት እሳቸው፣ የሚጎድለው የእሳቸው። የዓይን ስህተት እንዲመስል አድርጌ ነው የሠራሁት። ያኔ ለራሴ እንዲህ ብዬ አልነገርኩትም፤ እጄ ግን ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ እስክሪብቶውን አንስተው ቆሙ።

"ጥርሰ ወላቃዬ አንድ ነው ያልሽኝ? ትናንት በሬዲዮ ሁለት ያገባ መስሎኝ።"

"አንድ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያ ጆሮዬ ነው" አሉና ጻፉ።

ኤፕሪል ላይ ተማሪው ቤት ተሰበሰብን። እኔ በአራት ነጥብ አንደኛ ነኝ። ፒዛ ታዟል፣ ጓደኛዬ ምርቃት ጀምራለች። ተማሪው ከክፍሉ የወረቀት ክምር ይዞ ወጣ። ከኮሌጁ ላይብረሪ የውድድሩን ወራት ጋዜጣ በሙሉ ኮፒ አድርጎት ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ፤ መጀመሪያ በአክብሮት ነው የጀመረው። "ቁጥሩ አይገጥምም። ዘጠኝ ቦታ።"

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ያኔ ሁሉም አየ። ሱፐርቫይዘራችን ከት ብሎ ሳቀ፣ በክፋት አልነበረም። "ጋሼ፣ እስቲ እኔን ይዩኝ፤ ስንት ነኝ?" አላቸው። ጓደኛዬ ሳይቀር አፏን ይዛ ሳቀች።

ጋሼ አንገታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። ይህን በደንብ ነው የማስታውሰው፤ እኔ እጠብቅ ነበርና። አንዲት ቃል ብቻ፣ "ያነበበችልኝ እሷ ናት" ቢሉ አልቆ ነበር።

"ዓይኔ ነው፣ ልጆች" አሉ። "ልነግራችሁ ይገባ ነበር። ከአሁን በኋላ ሌላ ሰው ይያዘው።"

ቁጥሩ ሲስተካከል ተማሪው አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ጋሼ መጨረሻ። ሦስት አስቀረሁ፤ አንዱ ጨቅላው። ተማሪው በሚቀጥለው ዓመት በኮምፒውተሩ እንደሚይዘው ነገረን። ስንወጣ ጋሼ በር ላይ ጠብቀው ደብተሩን ሰጡኝ። "ካንቺ ጋር ይቀመጥ፣ የደከምሽበት ነው" አሉኝ። እስከ ኦክላንድ ድረስ ደብተሩን ደረቴ ላይ አቅፌ ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ቆሜ ነው የደረስኩት።

ይህን ይዤ ሳምንት እንኳ አልቆየሁም። ሺፍት ስንቀያየር፣ ጋሼ ጃኬታቸውን እየለበሱ፣

"ጋሼ፣ ዓይንዎ አልነበረም" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ቁጥሩ። አሳስቼ ያነበብኩልዎት እኔ ነኝ። አውቄ።"

መኪና መጣ። ትኬቱን ተቀብለው፣ አሳልፈው፣ መልካም ቀን ተመኝተውለት ተመለሱ።

"ያቺ ሁለት ያገባ መስሎኝ ያልኩሽ ቀን?"

"ሁለት ነበር ያገባው።"

"እንግዲያ ጆሮዬ ደህና ነው!" አሉ። ፊታቸው በራ። ቢሰድቡኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። "ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር እኮ፣ ለጆሮዬ። ምንም የለብህም ብለው መለሱኝ። የሚያባብሉኝ መስሎኝ አላመንኳቸውም። ቤት ውስጥ የልጅ ልጆቼ ሲያወሩኝ የሰማሁት ልክ ይሁን አይሁን እየጠረጠርኩ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ዓይኑስ ይሁን፤ ጆሮዬም ከሄደ ምን ቀረኝ ብዬ..."

ቦርሳቸውን አነሱ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ፤ ምን እንዳደረግሁ አሁን ገና ነው የገባቸው።

"ለልጆቹ ትነግሪያቸዋለሽ?"

"እነግራቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"ኦክቶበር፣ ስንሰበሰብ።"

ከቀኖቹ ሁሉ በጣም ሩቁን መረጥኩ። ጋሼም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ "እሺ" ብቻ ብለው ሄዱ።

ያ ሰመር ሙሉ ቀልዱ አልሞተም። አንድ ሰው ትኬት ሁለት ጊዜ ከቆረጠ "ጋሼ ሆንክ እንዴ?" ይባላል። ጋሼ ባሉበትም ይባላል፤ ይስቃሉ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ማጭበርበሩን መጻፍ አልከበደኝም፣ ይህችን ግን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።

ኦክቶበር መጣ፤ እንደገና ተማሪው ቤት ተሰበሰብን። ጋሼ አንዱን ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን አድርገው ነበር፤ አዲስ መነጽር አድርገው፣ ከግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ጮክ ብለው እያነበቡ ገቡ። ተማሪው በኮምፒውተር የታተመ ወረቀት አደለን።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ መንታ የለም አይደል? አንዱ ሁሉ አንድ ነው?" አለ። ሳቁ።

ጋሼ አልሳቁም። ወረቀታቸውን እያዩ ጠበቁ። የሚጠብቁት እኔን ነው።

"ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ" አልኩ። "አምና ሁሉንም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው ያሳሳትኩት። የጋሼ ስህተት አንድም የለበትም።"

"ኢየሱስ!" አለች ጓደኛዬ። "የኔም አሲስት?"

"ያንቺም።"

ተማሪው እንደ ልማዱ "አንድ ነጥብ..." ብሎ ጀመረና ተወው። እንዲጨርሰው ፈልጌ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ፒዛውን ሳህኑ ላይ መለሰ። "እኛ ደግሞ ስንት ወር ሳቅንባቸው" አለ፤ ለማንም አልነበረም፣ ለሳህኑ ነው የነገረው። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ ጋሼን ይቅርታ ጠየቁ። እኔን የተናገረኝ የለም።

የተወሰነው ሁለት ነገር ነው። ጨቅላው ከእኔ ተወስዶ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ደብተሩም ወደ ጋሼ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። "ኮምፒውተሩስ?" አለ ተማሪው። "ኮምፒውተርህ ለትምህርትህ ይሁንህ" አሉት ጋሼ፣ እስክሪብቷቸውን እየከፈቱ። መጨረሻ የወጣ መጀመሪያ ስለሚመርጥ፣ ዕድሉ የእሳቸው ነበር።

"ጨቅላውን" አሉ። ቀና ሳይሉ ጻፉት።

ዘንድሮም ሺፍት የምንቀያየረው እኔና ጋሼ ነን። ጋዜጣውን አሁን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ቀስ ብለው፣ መስመር በመስመር፣ ጣታቸውን ከሥሩ እያስኬዱ፦ "ጨቅላው፣ አንድ ጎል፣ ሁለት አሲስት።" ከመጻፋቸው በፊት ጋዜጣውን ወደ እኔ ያዞሩታል።

"እዪው" ይሉኛል።

"አምንዎታለሁ፣ ጋሼ።"

"እዪው።"

ልማዳቸው ይሁን ቅጣት አልጠየቅኳቸውም። ጎንበስ ብዬ አያለሁ። አንድ ጎል፣ ሁለት አሲስት። "ልክ ነው" እስክል እስክሪብቶው ወረቀቱን አይነካም።