በብርድ የሚንተፋተፈው ሞተር

ክሪስታል በምትባል የብርድ አገር ከተማ ውስጥ ሁለት መኪና ብቻ የምትይዝ ጋራዥ አለችኝ። ከዚያ በፊት ለዓመታት የኤርፖርት ታክሲ ነድቻለሁ፤ መካኒክ ደጃፍ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሲያንገፈግፈኝ ሙያውን ራሴ ተማርኩት። ዛሬም አዲስ ደንበኛ ሲመጣና ሴት ሲያይ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ፣ "መካኒኩ የለም እንዴ?" ይለኛል።

እኚህ ሰው ግን አልጠየቁም። ስልሳዎቹን ያለፉ፣ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያደረጉ ሰው ናቸው። ብርዱ ፊት በሚቆርጥበት አንድ ጠዋት፣ ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ይዘው ከዉድበሪ ከተማ ድረስ መጡ። በሩን ተደግፈው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሰው ተንጠራርተው ወጡና፣ ሳልጠይቃቸው "የልጄ ነው" አሉኝ። የራሳቸው መኪና ከብርዱ በፊት አልቆለት፣ ሌላ እስኪገዙ ድረስ ሥራ የሚሄዱት በዚህ ነበር።

"ጠዋት ሳስነሳው ይንተፋተፋል" አሉ። "ትን እንዳለው ሰው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። አንድ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ሆኖ፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል።"

"በየቀኑ ነው ጋሼ?"

"ብርድ ሲጠና ብቻ።"

የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ሳነበው ግን ነገሩ ግራ አጋባኝ። ሲሊንደር ቤንዚኑን ሳያቀጣጥል ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ የታወቀ ሲሊንደር ነው። እዚህ ግን አንድ ቀን ሁለተኛው፣ ሌላ ቀን አምስተኛው፣ አንዳንዴም ሦስቱ በአንድነት ነበሩ። ካንዴላዎቹን ስፈታ ሁሉም ቤንዚን ጠጥተው ረጥበዋል። ቀየርኳቸው። ቤንዚን የሚረጩት ኖዝሎች ያንጠባጥቡ እንደሆነ አየሁ፤ አያንጠባጥቡም። የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ ኮምፕሬሽኑን፣ ለካሁ፤ እንደ አዲስ ሞተር ነው። መኪናው አራት ቀን እኔ ዘንድ አደረ። በዚያ ሳምንት አየሩ ለቀቅ ብሎ በረዶው ይቀልጥ ነበር፤ አራቱንም ጠዋት ሳስነሳው ሞተሩ ያለ አንዳች ሳል ተነሳ።

ቤታቸው በወሰዱት በሦስተኛው ቀን ብርዱ ተመለሰ። ደወሉልኝ። "ጀመረው" አሉ።

ያን ጊዜ ከሹፌሩ ፊት ባለው ክሩስኮት ስር የምትሰካ ትንሽ መቅጃ ሰጠኋቸው። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱንና ያደረገውን ሁሉ ትመዘግባለች። ከሦስት ቀን በኋላ መኪናውን ይዘው ሲመጡ መዝገቡን ከፍቼ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ።

"ጋሼ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚያስነሱት?"

"አስራ ሁለት ተኩል። አንድም ቀን አልዘገይም።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት ተኝቻለሁ።"

መዝገቡ ላይ ግን በሦስቱም ቀን ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ላይ ሞተሩ ተነስቷል። ከደቂቃዋ ዝንፍ አላለም። ዘጠኝ ሰከንድ፣ አስራ አንድ ሰከንድ፣ ስምንት ሰከንድ ሠርቶ ጠፍቷል። በረዶ የሆነ ሞተር ተነስቶ ወዲያው ሲጠፋ ብዙ ቤንዚን ይጠጣል፤ የጠጣውን ሳያቃጥል ካንዴላው ረጥቦ ይቆያል። ሰውዬው በአስራ ሁለት ተኩል ሲያስነሱት የሚንተፋተፈው ለዚህ ነበር። ሕመሙ ገባኝ። ማን እንዳሳመመው ግን አልገባኝም።

"ባለቤትዎ ይነዳሉ?"

"መኪና ነድታ አታውቅም። ቁልፉም አንድ ነው፤ ኮቴ ኪስ ውስጥ ያድራል።"

"ከሩቅ የሚያስነሳ ሪሞት አለው?"

"ይሄ ቁልፍ ብቻ ነው። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ጥሎልን የሄደው።"

ከክሩስኮቱ ስር በባትሪ ብርሃን ደጋግሜ ፈለግሁ፤ እንግዳ ሽቦ አላየሁም። የማደርገው ስለጠፋኝ ይመስለኛል፣ የሞተሩ ኮፈን በአንድ ጎኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳየው መያዣውን ፈትቼ አስተካክዬ አሰርኩት። ጥርቅም ብሎ ገጠመ። ከዚያ "ነገ ንጋት ላይ ቤትዎ እመጣለሁ" አልኳቸው።

ዉድበሪ ስደርስ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረው ነበር። በር የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ጋቢ ደርበው ቆመዋል። ጋሼ መስሚያቸውን እያደረጉ ከቤቱ ጋር ወደተያያዘው የመኪና ማሳደሪያ ጋራዥ ቀደሙን። ሴትዮዋ ግን ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "አንቺም ሰምተሽው ነው የመጣሽው?"

"ምኑን እትዬ?"

"ሲነሳ። እሱ መስሚያውን አውልቆ ስለሚተኛ አይሰማም። እኔ ግን ብርዱ ከገባ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ይነሳል፣ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ዝም ይላል። ልጄ ሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነበር።"

"ለምን አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ?" ጋቢያቸውን አጠበቁ። "ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ሌላ ስቴት ከሄደ ስምንት ወር ሆነው። አይደውልም፤ እኛም አልደወልንም። መኪናው መነሳት ሲጀምር አንድ ነገር ሆኗል አልኩ። ለጸሎት ስሙን ልሰጥ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ቄሱ 'በሕይወት አለ?' ብለው ጠየቁኝ። ስሙን ሳልሰጥ ተመለስኩ።"

እኔ የሽቦና የቤንዚን ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን ወደ ጋራዡ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ ሹፌሩ ወንበር ነበር። ባዶ ነው። በሮቹ ተቆልፈዋል። ጋሼ ቁልፉን በመዳፋቸው ጨብጠው ከመኪናው ፊት ቆመዋል። ትንፋሻችን እንደ ጭስ ይወጣል።

አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ሲሆን ከመኪናው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፊት መብራቶቹ አንዴ ብልጭ አሉና ሞተሩ ተነሳ።

በሕይወቴ ብዙ ሺህ ጊዜ ሞተር ሲነሳ ሰምቻለሁ። ማንም ያልነካው ሲነሳ ግን የመጀመሪያዬ ነው፤ ጸጉሬ ቆመ። ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከበሩ ላይ ሴትዮዋ፣ "መጣ" ሲሉ ሰማኋቸው፤ አልጮሁም፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነበር ያሉት።

በልቤ እቆጥር ነበር። ስምንት። ዘጠኝ። አስራ አንድ። አሁን ይጠፋል። ሃያ። አልጠፋም። ሠላሳ። ሞተሩ እየጠነከረ ሄደ፤ የጋራዡ በር ዝግ ነው፤ የጭሱ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ሌላ ሆነ።

"ውጡ! ሁለታችሁም በፊት በር ወደ ደጅ ውጡ!"

የጋራዡን በር መክፈቻ መታሁት። በሩ ከመሬቱ ጋር በበረዶ ተጣብቆ ነበርና አቃሰተ፣ ተላቀቀ፣ ቀስ እያለ መነሳት ጀመረ። ጋሼ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ባዶውን ወንበር እያዩ ነው። ጣቶቻቸውን አላቅቄ ቁልፉን ወሰድኩና የመኪናውን በር ከፈትኩ። ማጥፊያውን ተጫንኩ፤ አልሰማኝም። የኤሌክትሪኩን መስመር ልነቅል ብዬ የኮፈኑን መክፈቻ ሳብኩ። ኮፈኑ ጣት የምታክል ከፍ ከማለቱ ሞተሩ ጸጥ አለ።

እዚያው ቆሜ ኮፈኑን አየሁት። ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ገባኝ።

የክሩስኮቱን ሽፋን ሙሉ በሙሉ ስፈታው፣ ከሬዲዮው ጀርባ ሽቦዎቹ በጥንቃቄ ተጠቅልለው የታሰሩ፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ጥቁር ሳጥን አገኘሁ። ሞተሩን ያለ ቁልፍ የምታስነሳ ናት። ኮፈን ከተከፈተ፣ እሷ ያስነሳችው ሞተር እንዲጠፋ የምታደርግ ትንሽ ማብሪያም ከኮፈኑ ስር ነበራት። ኮፈኑ ላልቶ በነበረ ጊዜ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ያቺ ማብሪያ ትለቅና በሰከንዶች ውስጥ ታጠፋው ነበር። ትናንት እኔ አጥብቄ ገጠምኩት።

"ልጅዎ ጋ መደወል አለብን" አልኳቸው። "እንዴት እንዳዘዛት ካላወቅሁ ሌላ የደበቀው ነገር እንዳለ እርግጠኛ መሆን አልችልም።"

ጋሼ ስልኩን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ወደ እኔ ሲዘረጉት ቁጥሩን የነካሁላቸው እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጠራ። ከዚያ እንቅልፍ የያዘው የጎልማሳ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ "አባባ? ምን ሆናችሁ?" አለ።

ሴትዮዋ የበሩን መቃን ይዘው ቁጭ አሉ፤ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ስልኩን ከጋሼ ተቀብዬ ነገሩን አስረዳሁት። ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ አፓርታማ ውስጥ ሲኖር መኪናው ደጅ ስለሚያድር፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከወረደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ራሱ ተነስቶ እንዲሞቅለት ሳጥኗን ያስገባት እሱ ነው። ወላጆቹ ቤት ተመልሶ የከረመው በጸደይ ነበር፤ በሙቀቱ ወራት አንዴም ስላልተነሳ ረሳው። ሪሞቱ እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ አለ።

"ዝግ ጋራዥ ውስጥ?" አለኝ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ እየገባው። "መኝታቸው እኮ ከጋራዡ በላይ ነው።"

"አዎ።"

"የመርዛማው ጋዝ ማንቂያስ?"

ጋሼን ጠየቅኋቸው። ያለ ምክንያት እየጮኸ ስላሰለቻቸው ባትሪውን አውጥተውታል።

ሳጥኗን ነቅዬ አወጣሁ። በዚያው ቀን አዲስ ማንቂያ አምጥቼ ከመኝታቸው ደጃፍ ሰቀልኩላቸው። እናትየው ስልኩን ይዘው ውስጥ ገብተው ነበር፤ ስለ ካፖርት፣ ስለ ምግብ፣ ስላልደወለበት ወር ሁሉ ሲቆጡት እስከ ጋራዡ ይሰማ ነበር። ጋሼ ከጎኔ ቆመው አዳመጡና፣ "እኔ ነኝ መጀመሪያ መደወል የነበረብኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ ብርዱ ሦስት ሳምንት ቢጸናም መኪናው አንዴም አልተንተፋተፈም።

ወሩ ሳያልቅ ልጁ ጋራዤ ደወለ። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ቢሆንም በአማርኛ ነበር የጀመረው። አመሰገነኝ፤ ለፋሲካ እንደሚመጣ ነገረኝ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ተመልሶ፣ "አንድ ነገር አልገባኝም" አለ። "ሌላ ቀን ሁሉ ራሱ ከጠፋ፣ ያን ቀን ለምን አልጠፋም?"

ለአባቱም ለእናቱም አልነገርኳቸውም ነበር። ያን ንጋት ባልሄድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር፣ ዉድበሪ ከደረስኩባት ሰዓት ጀምሮ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ኮፈኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

ከኋላው የመንገድ ጫጫታ ይሰማኛል።

"ሳጥኗን ያስገባኋትም እኮ እኔ ነኝ" አለና፣ ደህና ዋይ ብሎኝ ዘጋው።