ዓይነ ርግብ የለበሰው ሐረግ

ሙሽሪት የእናት አባት ስሟ አይደለም። ካገባች ሠላሳ ዓመት አልፏት፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ባለፈው ዓመት ባሏን ቀብራ እንኳ የባሏ እህት «ሙሽሪት» ማለቷን አልተወችም፤ ሰፈሩም ከእሷ ተቀብሎ እንደዚያው ይጠራታል። የሙሽራ ቬሎ ሰፊ በመሆኗ ስሙ ደንበኛም አመጣላት። እሷ በበኩሏ የባሏን እህት እትዬ ትላታለች።

ባሏ የአውቶብስ ሹፌር ነበር። አንድ ጊዜ ከመስመር ሲመለስ በክብሪት ቀፎ ዘር ይዞ መጣና አጥሩን በቀይ ሐረግ ሸፈነው፤ አበባው ረጅምና ቀጭን ነው፣ መለከት ይመስላል። ሐረጉ በየዓመቱ ስለሚደርቅ ዘሩን እየለቀመ መልሶ ይዘራው ነበር። ዘንድሮ የዘራችው እሷ ናት። በቀፎው የቀረውን ሁሉ ስትዘራ ለመጠባበቂያ አንዲት ፍሬ አላስቀረችም። ከዚያ በፊት እትዬ ትንሽ እንድትሰጣት ብትለምናት፣ ሙሽሪት «አንቺ ቁልቋል እንኳ ታደርቂያለሽ» ብላ ከልክላታለች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ ፊትና ኋላ እየኖሩ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል።

ሐረጉ አበበ፤ አበባው ግን ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ዘር ካልሰጠ ከባሏ እጅ የቀረው ነገር በዚህ ዓመት ማብቃቱ ነው። አንድ ጠዋት ሙሽሪት የረገፈውን አንስታ በመነጽሯ ብታየው፣ በእያንዳንዱ አበባ ሥር አንድ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ዕድሜዋን ከመርፌ ጋር የኖረች ሴት የምታስበውን አሰበች፤ ተወግቷል። ማን እንደወጋው ለመገመትም ሩቅ አልሄደችም።

ስትናደድ አንቱታ ይቀናታል። ኋለኛው ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ቅር ካለዎት እኔን ይውጉኝ። የወንድምዎ አበባ ምን አደረገዎት?» አለች።

እትዬ ካልሲ እያሰጣች ነበር። «ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ዘር እንዳይሰጥ በመርፌ ወግተውታል።»

«በመርፌ?» እትዬ ካልሲውን ገመዱ ላይ ተወችው። «ትናንት መርፌዬ ላይ ክር ያስገባልኝ ማን ነው? ተኮራርፈን እንኳ ልኬልሽ አስገብተሽ መልሰሽልኛል። በየትኛው ዓይኔ ነው አበባ እየመረጥሁ የምወጋው?»

ክሩን ያስገባችው ሙሽሪት ራሷ ናት።

«ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አልደከመም፤ ነይ» አለች እትዬ፣ ወደ አጥሩ እየጎተተቻት። «ስሚ።»

ከሐረጉ ውስጥ የራቀ ሞተር የመሰለ ወፍራም ድምፅ ይሰማል።

«ድምቡሼ ናት። ይህን ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ።»

እትዬ ከመንገዱ ማዶ ባለው የቲማቲም ግሪንሃውስ ውስጥ፣ ብናኙ እንዲራገፍና ፍሬ እንዲይዝ አበባውን በብሩሽ ስትነካ ነው የኖረችው። በኋላ ባለቤቶቹ ከባሕር ማዶ ጸጉራም፣ ድቡልቡል ንቦች በካርቶን አስመጡ። ሠራተኞቹ ድምቡሼ አሏቸው። ብሩሹ ቀረና እትዬ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛወረች። ንቦቹም በተቀደደው ፕላስቲክ ሾልከው ወጡና የሰፈሩን አበባ ቀምሰው በዚያው ቀሩ።

ሙሽሪት አጎንብሳ ጠበቀች። አንዷ መጣችና በአበባው አፍ ልትገባ ታገለች፤ ከወገቧ አላለፈችም። ዞረች፣ ሥሩን ነከሰች፣ በቀዳዳው መጥጣ ወደሚቀጥለው በረረች።

«አየሻት? በጓሮ በር ገብታ በልታ ትሄዳለች» አለች እትዬ። «ብናኙ ያለው ሳሎን ነው። ጣፋጩ ካለቀ ደግሞ በፊት በር የሚመጣ እንግዳ ምን ሊበላ ይመጣል?»

«ዘር የለም ማለት ነው?»

«ብሩሼን የት እንዳደረግሁት ላስብ።»

«እትዬ» አለች ሙሽሪት፣ አንቱታውን ትታ፣ «ይቅር በይኝ።»

«ዘሩ ሲደርስ እንተያያለን።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እትዬ ወንበሯን አጥሩ ሥር ታስቀምጥና ታዛለች፤ ዓይን ያላት ሙሽሪት ናት ብሩሹን የምትይዘው። «ቀስ በይ፣ ሸሚዝ እየተኮስሽ አይደለም። የሕፃን ጆሮ ነው ብለሽ ንኪው።» ሙሽሪት የራሷንም ዘዴ ጨመረች። ከቬሎ የተረፈ ዓይነ ርግብ ቆርጣ ትንንሽ ከረጢት ሰፋችና እንቡጡን ሳይፈታ አለበሰችው፤ ሲፈታ ገልጣ በብሩሽ ትነካዋለች፣ መልሳም ትሸፍነዋለች። አጥሩ ነጭ በነጭ ሆነ።

የውሃ ቆጣሪ አንባቢው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሰርግ አለ እንዴ? ማን ሊዳር ነው?» አለ።

«ወንድሜ ነው» አለች እትዬ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል። «ሙሽሪትም ያችው የድሮዋ ናት።»

ሙሽሪት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊዞርባት ሲል ቶሎ ብላ ብሩሹን አነሳች።

«ይቺኛዋን ቅርንጫፍ ረሳሻት» አለች እትዬ፣ ከታች ራቁቷን ወደቀረችው እየጠቆመች።

«አልረሳኋትም፣ የድምቡሼዎቹ ናት። በካርቶን ተጭነው መጡ እንጂ እነሱ መች እንምጣ አሉ?»

«ሥራዬን የቀሙኝን ነው የምትቀልቢው?»

«ይኸው መለሱልሽ አይደል?»

ሐረጉ ሲደርቅ ከረጢቶቹ ውስጥ ጥቁር ዘር ተንኮሻኮሸ። ሙሽሪት የክብሪት ቀፎውን ሞላችና የተረፈውን እትዬ መዳፍ ላይ አፈሰሰችው።

«ባደርቀውስ?» አለች እትዬ።

«ከእኔ ትወስጃለሽ።»

«አንቺስ ብታደርቂው?»

«ካንቺ እወስዳለሁ» አለች ሙሽሪት፣ መዳፏን እያጠፈችላት።